ፎቶዬ ላይ የወጣው ጭጋግ ምንድን ነው? ያልታወቀ የሰማይ ነገርን የመለየት ዝርዝር መመሪያ

ፎቶዎቻችሁን ስታክ አድርጋችሁ (ብዙውን ደራርባችሁ አንድ አድርጋችሁ) ብርሃኑን ከፍ ስታደርጉ ያልጠበቃችሁት ደብዛዛ ነገር ብቅ ይላል። አብዛኛው ሰው ወዲያው ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። «ይሄ ምንድን ነው?» አንዱ ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና) ነው ይላል። ሌላው ጋላክሲ ነው ይላል። ሦስተኛው «ሌንስህን ጥረገው» ብሎ ያልፋል። ሁሉም እየገመቱ ነው፤ ፎቶው የየትኛው የሰማይ ክፍል እንደሆነ እንኳ የነገራቸው የለም።

ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ነገሩ እውነት ሰማይ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ቀጥሎ የት እንዳለ እወቁ። ስሙን የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። ደረጃ ዘላችሁ ወደ ስም ፍለጋ ከገባችሁ፣ ሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ የጋላክሲ ስም ተሰጥቶት ይቀራል።

ለምሳሌ የምንይዘው የኦሪዮንን ቀበቶ ነው፤ በኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ከዋክብት። ብዙ ጀማሪ የሚያነሳው እሱን ነው፤ ብዙ ግራ የሚያጋባ ነገር ያለውም እዚያው ነው። መሣሪያው 200 ሚሊሜትር ሌንስ፣ የፒክሰሉ ስፋት 4.3 ማይክሮን የሆነ ካሜራ እና ትራከር (ካሜራውን ከከዋክብቱ ጋር የሚያዞር መሣሪያ) ነው እንበል። ፎቶው ላይ ከቀበቶው ከዋክብት አንዱ ከሆነው ከአልኒታክ በስተደቡብ ምሥራቅ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ጭጋግ ታየች። ምንድን ናት?

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ያልተነኩ ሮው ፍሬሞች (ካሜራው ሳያስተካክል ያስቀመጣቸው ነጠላ ፎቶዎች)፣ ሁሉም። የተጠናቀቀ ጄፔግ ብቻ ይዛችሁ ግማሹን መንገድ እንኳ አትሄዱም።
- የሌንሱ ወይም የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት እና የካሜራው የፒክሰል ስፋት።
- ያነሳችሁበት ቦታ፣ ቀን እና ሰዓት።
- ሲሪል ወይም አስታፕ የሚባል የሰማይ ፎቶ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ኢንተርኔታችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ አስታፕን ምረጡ፤ የከዋክብት ዳታቤዙን አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ስታወርዱ ለእናንተ ሌንስ ስፋት የሚሆነውን ዳታቤዝ መምረጣችሁን እዩ።

### ሰዓቱን አሁኑኑ አስተካክሉ

ዓለም አቀፍ ዳታቤዞች የሚያውቁት የፈረንጅ ቀን እና ዩቲሲ የሚባለውን የዓለም የጋራ ሰዓት ነው። እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢትዮጵያ ሆናችሁ ካነሳችሁ መላው ቀላል ነው፦ በእኛ የሌሊት ሰዓት ላይ 15 ጨምሩ። ምሽት 4 ሰዓት 19:00 ዩቲሲ ይሆናል። ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ቀንሱና የፈረንጁን ቀን በአንድ ግፉት። ሌሊት 11 ሰዓት ሲደመር 26 ይሆናል፤ ስለዚህ 02:00 ዩቲሲ፣ በማግስቱ ቀን።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ምሽት 4 ሰዓት ያነሳችሁት ፎቶ ዲሴምበር 29 ቀን 2024፣ 19:00 ዩቲሲ ተብሎ ይጻፋል። ዱባይ ያላችሁ ከአካባቢያችሁ የፈረንጅ ሰዓት 4 ቀንሱ። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ የበጋና የክረምት ሰዓት ለውጥን አትርሱ። የካሜራውም ሰዓት ትክክል መሆኑን ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። ካሜራ ሰዓቱን ቀስ በቀስ ይስታል።

## ደረጃ 1፦ ነገሩ ሰማይ ላይ መኖሩን አረጋግጡ

ጊዜ የሚወስደው ይህ ደረጃ ነው። መውሰድም አለበት።

1.1 የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሮው ፍሬም ሳታስተካክሉ፣ ሳታሰልፉ ክፈቱ። እያቀያየራችሁ እዩ። ከዋክብቱ ሲንሸራተቱ ጭጋጓ ያው ፒክሰል ላይ ከቀረች ሰማይ ላይ አይደለችም። ክብ ቀለበት ከመሰለች አቧራ ናት፤ ፍላት ፍሬም (እኩል የበራ ነገር ላይ የሚነሳ ማስተካከያ ፎቶ) ያጠፋታል። አንድ ነጠላ ደማቅ ነጥብ ከሆነች የተቃጠለ ፒክሰል ነው፤ ዳርክ ፍሬም (ሌንሱ ተከድኖ የሚነሳ ማስተካከያ ፎቶ) ያጠፋዋል።

*ነገሯ በአንድ ፍሬም ላይ ጨርሶ ካልታየች፦* አብዛኛው ደካማ ነገር አይታይም፤ አትደንግጡ። ፍሬሞቹን ለሁለት ክፈሉ። ሙሉ ቁጥሮቹን ለብቻ፣ ጎዶሎዎቹን ለብቻ ስታክ አድርጉ። በሁለቱም ላይ ከወጣች ተራ ኖይዝ አይደለችም። አንዱ ላይ ብቻ ከወጣች የዚያን ግማሽ ፍሬሞች አንድ በአንድ አገላብጡ፤ የሆነ ነገር አልፏል ማለት ነው።

1.2 በአቅራቢያዋ ደማቅ ኮከብ መኖሩን እዩ። ደማቅ ኮከብ ሌንስ ውስጥ ይንጸባረቅና የውሸት ጭጋግ ይፈጥራል። አልኒታክ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ከደማቁ ኮከብ ተነስታችሁ በፎቶው መሀል የሚያልፍ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ። ጭጋጓ በመሀሉ ተቃራኒ በኩል እዚያው መስመር ላይ ከተቀመጠች ነጸብራቅ የመሆኗ ዕድል ከፍ ይላል።

በኮከቡ ዙሪያ ያለ ክብ ብርሃን ከሆነ ደግሞ ሌሎቹን ደማቅ ከዋክብት አስተያዩ። ሁሉም ላይ መጠኑ እኩል ከሆነ ፊልተሩ ወይም ሴንሰሩ የፈጠረው ነው።

ማረጋገጫው ሁለተኛ ሌሊት ነው። ኮከቡን በፎቶው ላይ ሌላ ቦታ አስቀምጡት፤ ግማሽ ዲግሪ ያህል መግፋት ይበቃል። ካሜራውንም ትንሽ አሽከርክሩት። እውነተኛ ነገር ከጎረቤት ከዋክብቱ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል። ነጸብራቅ ቦታ ይቀይራል።

1.3 ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተሳሉ አጫጭር ቀጥ ያሉ መስመሮች ካሉ ሳተላይት ጠርጥሩ። ከአዲስ አበባ ሲታይ፣ ከምድር ጋር እኩል የሚዞሩት የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) ወደ 1.5 ዲግሪ ደቡብ ያህል ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። የኦሪዮን ቀበቶ ሦስቱ ከዋክብት ያሉት ደግሞ ከ 0.3 እስከ 1.9 ዲግሪ ደቡብ ነው። ልክ መሀላቸው! ትራከራችሁ ከዋክብቱን ሲከተል ሳተላይቱ ቆሞ ይቀራል፤ በአንድ ደቂቃ ኤክስፖዠር ወደ 15 አርክሚኒት (አንዱ አርክሚኒት የዲግሪ 60ኛ ነው) የሚረዝም መስመር ይስላል። በምሳሌው ካሜራ ይህ 200 ፒክሰል ያህል ነው። ዋሽንግተን ላለ ሰው መስመሮቹ ወደ 6 ዲግሪ ደቡብ ይወርዳሉ፤ እዚያ የሚያበላሹት የኤም 42ን (የኦሪዮን ኔቡላን) ጎረቤት ነው።

1.4 የፕሮሰሲንግ ጣጣ መሆኑን አጣሩ። ስታኩን እንደገና ከፍታችሁ ምንም ሳትነኩ አውቶ ስትሬች (ብርሃኑን በራሱ ከፍ የሚያደርገውን) ብቻ አድርጉበት። የኤአይ ኖይዝ ማጥፊያና የምስል ጥራት ማሻሻያ መሣሪያዎች የሌለ ክር እና የሌለ ቋጠሮ ይሠራሉ። የጀርባ ብርሃን ማስወገጃም ናሙና ነጥቦቹ ኔቡላ ላይ ካረፉ የውሸት ጥቁር ጉድጓድ ይቆፍራል።

> ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ በኋላ ላሉት ደረጃዎች ሁሉ የምትጠቀሙት ከዋክብቱ ያልጠፉበትን፣ ኤአይ ያልነካውን ፎቶ ነው።

የእኛ ሰማያዊ ጭጋግ ፈተናውን አልፋለች እንበል። ካሜራው ዞሮም እዚያው ናት።

## ደረጃ 2፦ ፕሌት ሶልቭ አድርጉ

ይህ ማለት ሶፍትዌሩ የከዋክብቱን አቀማመጥ አይቶ ፎቶው ወዴት እንደተነሳ በትክክል ይነግራችኋል ማለት ነው። በዓይን ለመገመት አትሞክሩ። በተለይ ከኢትዮጵያ ኦሪዮን አናታችን ላይ ስለሚወጣ፣ ሰሜን የትኛው ጎን እንደሆነ ከፎቶው ብቻ መገመት ያስቸግራል።

2.1 የፒክሰል ስኬላችሁን (አንድ ፒክሰል የሚይዘውን የሰማይ ስፋት) አስሉ፦ 206.265 × የፒክሰል ስፋት በማይክሮን ÷ የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር። በምሳሌው 206.265 × 4.3 ÷ 200 = 4.43 አርክሰከንድ በፒክሰል። አርክሰከንድ የአርክሚኒት 60ኛ ነው።

2.2 ፎቶውን በሲሪል ወይም በአስታፕ ከፍታችሁ የትኩረት ርዝመቱንና የፒክሰል ስፋቱን አስገቡ። ወይም ኖቫ ዶት አስትሮሜትሪ ዶት ኔት ላይ ጫኑት። ፎቶው ለሁሉም እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ከመላካችሁ በፊት የእይታ ምርጫውን ቀይሩ።

2.3 ውጤቱ የሰጣችሁን ስኬል ካሰላችሁት ጋር አስተያዩ። 4.43 ጠብቃችሁ 4.4 ወይም 4.5 ቢመጣ ችግር የለውም። 9 ቢመጣ ግን ወይ ፎቶው ግማሽ ተደርጎ ተቀንሷል፣ ወይ ውጤቱ ስህተት ነው።

### አልሳካ ሲል

በዚህ ተራ ሞክሩ፦

1. ዛፍ፣ ጣሪያ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት ቆርጣችሁ አውጡት።
2. የስኬል ገደብ ስጡት፤ ለምሳሌ ከ 4 እስከ 5 አርክሰከንድ።
3. ፎቶውን በ 2 ወይም በ 4 አሳንሱት። ትልቅ ፎቶ ላይ ሶፍትዌሩ ኖይዙን ኮከብ ይለዋል።
4. መሀሉን ብቻ ቁረጡ። የሌንስ ጥግ ከዋክብትን ይጎትታል።
5. ከዋክብቱ መስመር ከሆኑ ስታኩን ተዉትና ከሁሉ የተሻለ ቅርጽ ያለበትን አንድ ፍሬም ተጠቀሙ።

አምስቱም ካልሠሩ ፎከሳችሁን መርምሩ። ያበጠ ኮከብ ኮከብ ሆኖ አይቆጠርም።

## ደረጃ 3፦ የጭጋጓን ኮኦርዲኔት ውሰዱ

ፕሌት ሶልቭ የሚነግራችሁ የፎቶውን መሀል ነው። የምትፈልጉት ግን የጭጋጓን ነው። ብዙ ሰው የመሀሉን ቁጥር ይወስድና ሁለት ዲግሪ ርቆ ይፈልጋል።

በሲሪልም በአስታፕም ሶልቭ ከተደረገ በኋላ ማውዙን ነገሩ ላይ ስታሳርፉ ራይት አሴንሽን እና ዲክሊኔሽን ይታያሉ፤ በሰማይ ላይ እንደ ኬንትሮስና ኬክሮስ ናቸው፣ የመጀመሪያው የሚለካው በሰዓትና በደቂቃ ነው። ኖቫን ከተጠቀማችሁ የሚሰጣችሁን አዲሱን የፊትስ ፋይል (የሥነ ፈለክ ፎቶ ፋይል ዓይነት) አውርዳችሁ በእነዚህ ክፈቱት። የጭጋጓን ጠርዝ ተዉት፤ መሀሏን ለኩ። ለእኛዋ 5 ሰዓት 43 ደቂቃ እና −2 ዲግሪ 19 አርክሚኒት ይመጣል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው ዘመኑ ነው። ዳታቤዞቹ የሚሠሩት ጄ2000 በሚባለው፣ በፈረንጅ 2000 መጀመሪያ ላይ በነበረው ኮኦርዲኔት ነው። ስቴላሪየም የሚባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ሁለቱንም ያሳያል፤ የጄ2000ንም የዕለቱንም። የምድር ዛቢያ ቀስ እያለ ስለሚዞር ዛሬ ልዩነቱ ወደ 20 አርክሚኒት ደርሷል። ሁለቱን ካምታታችሁ ጎረቤት ኔቡላ ላይ ታርፋላችሁ።

ሁለተኛው የሰዓት እና የዲግሪ ጉዳይ ነው። 5 ሰዓት ከ 43 ደቂቃ 5.43 አይደለም። 43 ለ 60 ሲካፈል 0.7167 ነው። 5.7167 ሲባዛ በ 15 ደግሞ 85.75 ዲግሪ ይመጣል። ሳጥኑ ዲግሪ ከጠየቃችሁ ይህንን አስገቡ።

## ደረጃ 4፦ ከሌላ ሰው ፎቶ ጋር አስተያዩ

አላዲን ላይትን ክፈቱ። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው የአስትሮኖሚ ዳታ ማዕከል ነው የሚያቀርበው፤ በብራውዘር ይሠራል። ኮኦርዲኔቱን ለጥፉና ዲኤስኤስ የሚባለውን ባለቀለም የሰማይ ቅኝት ምረጡ። የእይታውን ስፋት ከእናንተ ፎቶ ጋር አመጣጥኑ።

አላዲን ሲከፈት ሰሜን ከላይ፣ ምሥራቅ ከግራ ነው። የእናንተን ፎቶ እስኪገጥም አሽከርክሩት። አሽከርክራችሁም ካልገጠመ እንደ መስታወት ተገልብጧል። አንዳንድ ሶፍትዌር የፊትስ ፋይልን ከታች ወደ ላይ፣ ሌላው ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ ይህ ያጋጥማል። ገልብጡትና ቀጥሉ።

አሁን ከሦስት አንዱ ይሆናል።

- እዚያም አለች። ታውቃለች ማለት ነው። ወደ ደረጃ 5።
- በዲኤስኤስ የለችም፣ ግን ሰፋ ያለች ግራጫ ጭስ ናት። አላዲን ላይ ወደ አይራስ ወይም ፕላንክ የአቧራ ካርታ ቀይሩ። ቅርጿ እዚያ ከተደገመ የጋላክሲያችን አቧራ ናት። ብዙውን ጊዜ የራሷ ስም የላትም፤ ስም ፍለጋ አትድከሙ።
- የትም የለችም። ወደ ደረጃ 6 ዝለሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲኤስኤስ በፎቶ ሰሌዳ ላይ የተነሳ የቆየ ሥራ ነው። እሱም ላይ በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ ነጸብራቅ አለ፤ አልኒታክ ዙሪያማ ሞልቷል። ዲኤስኤስ ላይ ክብ ብርሃን አይታችሁ «ይኸው፣ አለ!» አትበሉ።

## ደረጃ 5፦ ስሙን ፈልጉ

ሲምባድ በሚባለው የሰማይ ነገሮች ዳታቤዝ ላይ በኮኦርዲኔት ፈልጉ። በ 2 አርክሚኒት ሬዲየስ ጀምሩ። ካልመጣ ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 10 አስፉ። ኦሪዮን ውስጥ ሬዲየሱን ስታሰፉ የከዋክብት መዓት ይወርድባችኋል። ዓይነታቸው ኔቡላ፣ ጋላክሲ ወይም የከዋክብት ስብስብ የሆኑትን ብቻ ለይታችሁ ተመልከቱ።

ቅርብ የሆነውን ስም ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። አራት ነገር መግጠም አለበት፦ ቦታ፣ መጠን፣ ቅርጽ እና ቀለም።

ቀለሙን እንዲህ አንብቡት። ቀይ ከሆነ የሃይድሮጅን ጋዝ ራሱ ያበራል፤ ብርሃኑ 656.3 ናኖሜትር ላይ ነው። ሰማያዊ ከሆነ አቧራው የጎረቤቱን ኮከብ ብርሃን እየበተነ ነው። ትንሽ፣ ክብ እና አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ ፕላኔታሪ ኔቡላ (በሞት ላይ ያለ ኮከብ የተፋው ጋዝ) ጠርጥሩ። ሞላላ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ከሆነ ጋላክሲ ሊሆን ይችላል። ካሜራችሁ ፊልተሩ ካልተነሳለት ግን ቀዩን አብዛኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ «ቀይ አይደለም» ብላችሁ ሃይድሮጅን አይደለም አትበሉ።

የእኛዋን እንፍታ። ቦታው አይሲ 435 ላይ ያርፋል። ዓይነቱ አንጸባራቂ ኔቡላ ነው፤ ሰማያዊነቱ ገጠመ። መሀሉ ላይ ኤችዲ 38087 የሚባል ኮከብ አለ፤ ፎቶውን ስታጎሉ እናንተም ጋ ይታያል። ከአልኒታክ ያለው ርቀት 40 አርክሚኒት ያህል ነው፤ በምሳሌው ካሜራ ወደ 545 ፒክሰል። ለኩት፤ ከገጠመ አለቀ።

እዚያው ሰፈር የምትሳሳቱባቸው ሌሎችም አሉ። ከአይሲ 435 በስተምዕራብ፣ ለአልኒታክ ቀረብ ብሎ ያለው ሌላ ሰማያዊ ጭጋግ ኤንጂሲ 2023 ነው። ከአልኒታክ በስተሰሜን ያሉት ሁለት ትናንሽ ጭጋጎች አይሲ 431 እና አይሲ 432 ናቸው። የፈረስ ራስ የሚባለው ጥቁር ቅርጽ ደግሞ ባርናርድ 33 ነው፤ አይሲ 434 ከጀርባው ያለው ቀይ መጋረጃ ነው። ሶፍትዌሩ «አይሲ 434» ብሎ ስለጻፈበት ብቻ ፈረሱን በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ብዙ ነው።

*ሁለት የተለያየ ስም ከመጣ፦* አንዱ ስህተት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ኤም 42፣ ኤንጂሲ 1976 እና ሻርፕለስ 281 አንድ ነገር ናቸው። የየዘመኑ ካታሎግ ያንኑ ነገር በራሱ ቁጥር መዝግቦታል። ሲምባድ ሁሉንም ስሞች በአንድ ገጽ ይዘረዝራል፤ እዚያ አስታርቋቸው።

*ኔቡላ ሳይሆን ጋላክሲ ከመሰለ፦* ኔድ የሚባለውን የጋላክሲ ዳታቤዝ ተጠቀሙ። ለደካማ ጋላክሲዎች ከሲምባድ የተሻለ ነው።

## ደረጃ 6፦ የሚንቀሳቀስ ወይም አዲስ ነገር መሆኑን አጣሩ

6.1 የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሰዓት ፍሬሞች ለየብቻ ስታክ አድርጉና አቀያይራችሁ እዩ። በዋናው ቀበቶ ያለ አስትሮይድ ለእኛ ቅርብ በሚሆንበት ወቅት በሰዓት ከ 30 እስከ 40 አርክሰከንድ ያህል ይሄዳል፤ በምሳሌው ካሜራ 8 ፒክሰል አካባቢ። ጅራታም ኮከብ ከዚያ ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል።

> ማስጠንቀቂያ፦ ስታክ ስታደርጉ የሚንቀሳቀስን ነገር የሚያስወግደው ስልት በርቶ ከሆነ አስትሮይዱን ራሱ ያጠፋዋል። ለዚህ ምርመራ አጥፉት።

6.2 ከተንቀሳቀሰ የማይነር ፕላኔት ሴንተርን (የአስትሮይዶችና የጅራታም ከዋክብት መዝገብ ማዕከልን) መፈለጊያ ክፈቱ። ኮኦርዲኔቱን፣ የፈረንጁን ቀን እና ዩቲሲውን አስገቡ። ሰዓቱን ቅድም በትክክል ያስተካከላችሁት ለዚህ ነው። ሦስት ሰዓት ከተሳሳታችሁ አስትሮይዱ ሌላ ቦታ ነው።

6.3 ካልተንቀሳቀሰ እና ኮከብ ከመሰለ፣ በተለይ ጋላክሲ ውስጥ ከሆነ፣ ሱፐርኖቫ (የፈነዳ ኮከብ) ሊሆን ይችላል። አዲስ የታዩ ነገሮች በሚመዘገቡበት ትራንዚየንት ኔም ሰርቨር ላይ ፈልጉ። ጃፓናዊው ኮይቺ ኢታጋኪ ሜይ 19 ቀን 2023 ኤም 101 በሚባል ጋላክሲ ውስጥ ሱፐርኖቫ ሲያገኝ፣ ከእሱ ቀደም ብለው ያንኑ ጋላክሲ ያነሱ አማተሮች ፎቷቸውን መልሰው ሲያዩ ኮከቡ እዚያው ነበር። ያላዩት ስላላወዳደሩ ነው። ሱፐርኖቫ ከማለታችሁ በፊት ግን ብርሃኑ የሚለዋወጥ የታወቀ ኮከብ መሆኑን የአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ዝርዝር ውስጥ አጣሩ።

## ደረጃ 7፦ ምንም ካልተገኘ

ብዙ ጊዜ እዚህ የሚደርስ ሰው ደረጃ 1ን የዘለለ ነው። ተመለሱና እንደገና ሥሩት። ያኔም ካለች ነገሩ ይሞቃል።

ይህ የሆነበት ጊዜ አለ። በጃንዋሪ 2004 ጄይ ማክኒል የተባለ አሜሪካዊ አማተር በ 7.6 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ ኤም 78 የሚባለውን ኔቡላ ሲያነሳ፣ በቅኝት ፎቶዎች ላይ የሌለ ጭጋግ አገኘ። አንድ ወጣት ኮከብ ድንገት ደምቆ በዙሪያው ያለውን አቧራ አብርቶት ነበር። ኋላ ላይ ያው ጭጋግ በ 1966 በተነሳ ፎቶ ላይ ተገኘ፤ ማለት የሚበራና የሚጠፋ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ የቆየ ቅኝት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። የተለያየ ዓመት የተነሱ አስተያዩ።

ሌላኛው አንድሮሜዳ ጋላክሲ አጠገብ ነው። ያን ሴንቲ፣ ማርሴል ድሬክስለር እና ግዛቪየ ስትሮትነር በ 2022 በኦክስጅን ብርሃን፣ 500.7 ናኖሜትር ላይ፣ ትልቅ ቅስት አገኙ። በሰማይ ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጋላክሲ ነው፤ ግን በዚያ ፊልተር ያን ያህል ረጅም ሰዓት ያነሳው አልነበረም። እነሱም ይፋ ያደረጉት በሌሎች ቴሌስኮፖች ካረጋገጡ በኋላ ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦

1. በሌላ ሌሊት፣ ፎቶውን በሌላ አቀማመጥ፣ ከተቻለ በሌላ ሌንስ ድገሙት።
2. የተለየ መሣሪያ ላለው ጓደኛ ኮኦርዲኔቱን ብቻ ስጡት። ምን እንደሚጠብቅ አትንገሩት፤ ከነገራችሁት ያየዋል።
3. ክረምት ከገባ እና ሰማዩ ከተዘጋ፣ ደረቅ አገር ያለ ሰው ፈልጉ። ኦሪዮን ግን ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን መጨረሻ ከፀሐይ ጋር ስለሚሆን ከሞላ ጎደል ማንም ጋ አይነሳም።

### ሌላ ሰው ስትጠይቁ

መልእክታችሁ ውስጥ ይህ ይኑር፦ የጄ2000 ኮኦርዲኔት፣ ቀንና ሰዓት በዩቲሲ፣ ቦታ፣ ሌንስና ካሜራ፣ ፊልተር፣ ጠቅላላ የኤክስፖዠር ጊዜ፣ እስካሁን ያጣራችሁት ምን ምን እንደሆነ። ከስታኩ ጋር አንድ ያልተነካ ፍሬምም አያይዙ። ጭጋጓን በቀስት አሳዩ፤ ግን ቀስት የሌለበት ቅጂም ጨምሩ።

በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ጨምቆ ያበላሸዋል። እንደ ፋይል ላኩት።